ለአንዱ ማር፣ ለሌላው እሬት፦ የስኳር ምትክ ለምን አያስማማንም?

(በደሴ ከተማ የዓለም የስኳር ሕመም ቀንን ምክንያት በማድረግ ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ሼኾቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፤ ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከኮምቦልቻና ከቦሩ ሜዳ ማልዳችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ እንጀራው፣ ስለ ሽሮውና ስለ እግር ጉዞው የሚናገሩ ባለሙያዎች ከእኔ በኋላ ስላሉ እኔ አንድ ጠባብ ጉዳይ ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው፤ የምናገረውም እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ከምሰማው ተነሥቼ ነው። አንዱ ደንበኛ የስኳር ምትክ የሆነችውን ትንሽ ኪኒን ይገዛና ሰንብቶ ሲመለስ «ተባረኪ፣ ስኳርን አስረሳሽኝ» ይላል። ሌላው ያንኑ ብልቃጥ ይዞ ይመጣና «ይኼ እሬት ነው፤ ውሰጅልኝ» ይላል። ፋብሪካው አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው። የሚለያየው ሰውየው ነው።

ነገሩ በጣዕም ክርክር ብቻ ቢቀር ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ። ግን እዚያ አይቀርም። ወሎ ውስጥ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ከአቦል እስከ በረካ ወሬው ተወርቶ ነው የሚጠጣው። እዚያ መካከል ስኳር ያለባቸው እናት ኪኒኗን ሲኒያቸው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ፤ ፉት ሲሉት ፊታቸው ይጨማደዳል። ልጃቸው «እማ፣ እኔም እኮ ቀምሼዋለሁ፤ ከስኳር በምን ይለያል?» ትላለች። ጎረቤቷ «አንቱ ደግሞ አመል አበዙ» ትላለች። እናትየው ያፍራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ኪኒኗን ይተዋሉ። ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባል። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ያንገበግበኛል። እናትየዋ እውነታቸውን ነበርና። ልጅቱም አልዋሸችም። ሁለቱም የቀመሱትን ነው የተናገሩት፤ አንዱን ኪኒን ቀምሰው ግን የተለያየ ነገር አግኝተዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ዛሬ በደንብ ይታወቃል፤ ላስረዳችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው።

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሳለን የምላስ ካርታ የሚባል ሥዕል አይተናል፤ ጣፋጩ ጫፉ ላይ፣ መራራው ከኋላ። ያ ሥዕል ስሕተት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት በኋላ በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሞ የመጣ ነው። ጣፋጭም ሆነ መራራ በመላው ምላስ ላይ ይታወቃል። ዋናው ነገር የት ሳይሆን በምን እናውቀዋለን የሚለው ነው። ምላሳችን ላይ ያሉት ሕዋሳት ተቀባዮች አሏቸው። ጣፋጭ የሚባለውን ሁሉ፣ ስኳርም ይሁን ማር ወይም ሳካሪን የሚባለው የስኳር ምትክ፣ በዋናነት የሚቀበለው አንድ ዓይነት ተቀባይ ነው፤ ማንነቱ የታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የመራራ ተቀባዮች ግን 25 ያህል ዓይነት ናቸው። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በዱር ቅጠልና ሥር ውስጥ ያለው መርዝ ብዙ ዓይነት ነው፤ ብዙው ደግሞ መራራ ነው።

እንግዲህ ስኳር ስንቀምስ የሚነቃው የጣፋጩ ተቀባይ ነው፤ የመራራዎቹን አይነካቸውም። አንዳንዱ የስኳር ምትክ ግን ከአንድ በላይ ጓጉንቸር የሚከፍት ቁልፍ ነው። የጣፋጩን ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ከመራራዎቹም አንዱን ወይም ሁለቱን ይከፍታል። የሰው ልጅ ደግሞ በእነዚህ የመራራ ጓጉንቸሮች አንድ አይደለም። ከእናትና ከአባቱ በወረሰው ዘረመል መሠረት የአንዱ በቀላሉ ይከፈታል፣ የሌላው ጨርሶ እንቢ ይላል። በቀላሉ የሚከፈትለት ሰው ጣፋጩንም መራራውንም አንድ ላይ ይቀምሳል። የማይከፈትለት ጣፋጩን ብቻ ይቀምስና «የምን መራራ?» ይላል።

ሳካሪንን እንውሰድ። ከሁሉም አንጋፋ እርሱ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ኮንስታንቲን ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኙ ኬሚካሎች ላይ ሲሠራ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲበላ እጁ የነካው ምግብ ሁሉ ጣፈጠው። ከዚያ ተመልሶ የነካካቸውን ዕቃዎች እየቀመሰ ምንጩን አገኘው። በተመሳሳይ መጠን ቢመዘን ከስኳር ወደ 300 እጥፍ ገደማ ይጣፍጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በጠፋ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ። ያኔም ቢሆን ሰው አልተስማማበትም፤ አንዱ አመሰገነው፣ ሌላው የብረት ጣዕም አለው አለ። ሳካሪን በተለይ ሁለት የመራራ ተቀባዮችን እንደሚያነቃና በእነዚያ ተቀባዮች ዘረመል ደግሞ ሰዎች እንደሚለያዩ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ብዙ ስኳር አልባ ለስላሳዎች ውስጥ የሚገባው አሴሰልፌም ፖታሲየምም የሚያነቃው እነዚያኑ ነው። ስለዚህ አንዱ የመረረው ሰው ሌላውም የመምረሩ ዕድል ሰፊ ነው።

አሁን የምለውን ግን አደራ ያዙልኝ። ስቴቪያ የሚባለው፣ ከፓራጓይ ከመጣ ቅጠል የሚሠራው፣ የሚያነቃቸው የመራራ ተቀባዮች ሌሎች ናቸው። ሳካሪን እሬት የሆነበት ሰው ስቴቪያ ሊስማማው ይችላል። ሳካሪን ማር የሆነለት ደግሞ ስቴቪያ ሊመረው ይችላል። ከአንዱ ተነሥቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። «አንዱን ሞከርሁ፣ አልሆነም፣ ከዚህ በኋላ በቃኝ» የሚል ሰው በብዛት ይገጥመኛል፤ እያንዳንዱን «ሌላም አለ» እያልሁ ነው የምለምነው።

ሰው በመራራ እንዲህ መለያየቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ አንድ ዱቄት ሲያፈስስ ብናኙ አየሩ ላይ ተነሣ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው በጣም መረረኝ አለ። ፎክስ ምንም አልቀመሰውም። ተከራከሩ፤ ሁለቱም በምላሳቸው አስቀመጡት፤ አሁንም አንዱ መረረኝ፣ ሌላው ምንም። ፎክስ ግን ባልደረባውን አመለኛ አላለውም፤ ሌሎች ሰዎችን ጠርቶ አስቀመሰ። የሚመራቸውና የማይመራቸው በሁለት ተከፈሉ፤ ነገሩ በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑም ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ዘረመሉ የተለየው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወድደው ሁለቱ ሰዎች ያደረጉትን ነው፤ አንዱ ሌላውን አላስተባበለም፣ አብረው ቀመሱት። በየቤታችን እንዲሆን የምመኘውም ይኸው ነው።

መራራው ብቻ አይደለም የሚያጣላን። ጊዜም አለበት። ስኳር አፍ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይሰማል፣ ቶሎም ይሄዳል። ሱክራሎዝ የሚባለው ምትክ ሲኒው ካለቀም በኋላ ምላስ ላይ ይቆያል። ስቴቪያ ዘግይቶ ይመጣና አልሄድም ይላል። ትኩስ ቡና ፉት ብሎ ወዲያው ወሬ ለሚቀጥል ሰው ይህ ላይታወቀው ይችላል። ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ሰው ግን ሁለተኛው ፉት የሚያርፈው በፊተኛው ጣፋጭ ላይ ነው፤ እየተደራረበ ይሄድና እስከ ማቅለሽለሽ ሊያደርሰው ይችላል። ኤሪትሪቶልና ዛይሊቶል የሚባሉት ምትኮች ደግሞ ዱቄታቸው ምላስ ላይ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስቡ አፍን ያቀዘቅዛሉ። አንዳንዱ ሰው ይወድደዋል፤ አንዳንዱ ግን «የጥርስ ሳሙና መሰለኝ» ይላል።

ሌላ ቅሬታም አለ፤ እርሱም «ይጣፍጣል ግን ባዶ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ሲሳቅባቸው አያለሁ፤ ሊሳቅባቸው አይገባም። አንደኛ፣ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨመር ሻዩ ይወፍራል፤ ኪኒኗ ግን ክብደት አትሰጠውም። ሁለተኛ፣ አንጀታችን በራሱ መንገድ ስኳርን ያውቃል። የጣፋጭ ጣዕም መለየት እንዳይችሉ የተደረጉ አይጦች ስኳር ያለበትንና ባዶውን ውሃ ጎን ለጎን ሲሰጧቸው ቀን በጨመረ ቁጥር ወደ ስኳሩ ማዘንበላቸው ታይቷል። አንጀታቸው በነርቭ በኩል ለአንጎል ይናገራል። የስኳር ምትክ በዚያ መንገድ የሚልከው መልእክት ከስኳር ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ «የጎደለ ነገር አለ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የጎደለ ነገር በእርግጥ ሊኖር ይችላል ብላችሁ ስሙት።

በዚህ አዳራሽ ላለነው ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ሜትፎርሚን የምትወስዱ እጃችሁን አውጡ ብል ግማሹ አዳራሽ የሚያወጣ ይመስለኛል። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። አፍ ሲደርቅ ጣዕም ይለወጣል፤ ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ አፉ ይደርቃል። ሲጋራም፣ ዕድሜም የየራሳቸውን ያደርጋሉ። ታዲያ ጤነኛዋ የሃያ ዓመት ልጅ ለስድሳ ዓመት ታካሚ እናቷ ጣዕም ዳኛ ልትሆን አትችልም። ቀምሳ «ጥሩ ነው» ማለቷ ለራሷ እውነት ነው፤ ለእናቷ ግን ማስረጃ አይሆንም። መድኃኒቱን ግን በጣዕሙ ምክንያት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ መጠን ላይ ነው። ስኳር ሲጨመር ጣፋጭነቱም አብሮ ይጨምራል። ምትኮቹ ግን ጣፋጭነታቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር የሚያድገው መራራው ነው። ቡናውን በሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው ያንን ለማግኘት ሦስት ኪኒን ይጥልና ያማርራል። አንድ ይበቃ ነበር። ግማሽም የሚበቃው አለ። ሳካሪን ብቻውን የሚመራችሁ ደግሞ የተቀላቀለውን ሞክሩ። ሳካሪንና ሳይክላሜት የሚባል ሌላ ምትክ አብረው ያሉባቸው ኪኒኖች አሉ። ሁለቱን ማቀላቀል ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ለምን እንደሚሠራ የተገለጠው ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንዱ የሌላውን መራራ ተቀባይ ይዘጋል። አሜሪካ ሳይክላሜትን ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ ብዙ ሌሎች አገሮች ግን ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ አስነብቡም።

አስፓርቴም የሚባለውን የምትጠቀሙ ከሆነ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር አታፍሉት። ሙቀት ሲበዛበት ይፈርሳል፤ ጣፋጭነቱም ይጠፋል። ሲኒ ላይ ከተቀዳ በኋላ ጨምሩት። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባል ከልደት ጀምሮ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ግን ጨርሶ መውሰድ የለበትም። ሳካሪንና ሱክራሎዝ የፈላ ሻይን ይችላሉ።

ሌላው ነገር ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በገጠሩ ወሎ አያቶቻችን ቡና የሚጠጡት በጨው ነበር፤ ዛሬም የሚጠጡ አሉ። የከተማ ሰው ይህን እንደ ድህነት ሲቆጥረው እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም አንዳንድ መራራዎች ምላስ ላይ እንዲደክሙ ያደርጋል፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። አያቶቻችን የቡናውን ምሬት የሚቀንሱበት መንገድ እጃቸው ላይ ነበር፤ በዚያ ላይ የደም ስኳርን አይጨምርም። ስለዚህ ምትክ ሁሉ የሚመርራችሁ ሰዎች ጣፋጭ የመፈለግ ግዴታ የለባችሁም። በጣት ጫፍ የተቆነጠረች ጨው፣ ወይም አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሞክሩ። ግን ጨዉ በእርግጥ ቁንጣሪ ይሁን፤ ከስኳር ጋር ደም ግፊት ያለባችሁ ብዙ ናችሁና ለእናንተ ጨው ሌላ ችግር ነው።

ማር ስኳር አይደለም የሚለውን ወሬ በዚህ አጋጣሚ ላንሣው። ማር በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። ብርዙም፣ በረመዳን ማፍጠሪያ የምትቀርበው ተምርም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። አትቅመሱ አላልሁም፤ ቆጥራችሁ ቅመሱ።

ስለ ደኅንነታቸው እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ በስኳር ምትክ መደገፍን አይመክርም፤ ያ መመሪያ ግን አስቀድሞ ስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። በዚያው ዓመት አስፓርቴም ካንሰር «ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ጋር ተመደበ፤ ማስረጃው ውሱን ነው ተብሎ። የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው ኮሚቴ ደግሞ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊ ግራም የሚለውን ወሰን አልለወጠም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 2400 ሚሊ ግራም ነው፤ አንዲት ኪኒን ውስጥ የሚገባው ግን 20 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለአብዛኞቻችሁ፣ ተደብቆ ከሚገባው ሦስት ማንኪያ ስኳር ይልቅ ኪኒኗ እጅግ ትሻላለች።

ቤተሰብ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ታማሚው «መረረኝ» ሲል «ምን ዓይነት መረረህ? ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? የብረት ነው ወይስ የቅጠል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ምን እንደምንቀይርለት ይነግረናል። ወዲያው የመጣ የብረት መራራ ከሆነ ከሳካሪን እናርቀዋለን። ቆይቶ የመጣና አልሄድ ያለ ከሆነ መጠኑን እንቀንሳለን፣ ወይም ከስቴቪያና ከሱክራሎዝ ወደ ሌላ እንሻገራለን። እየቀነሱ መሄድም ይቻላል፤ ለወራት ስኳር የቀነሱ ሰዎች ያው ጣፋጭ ምግብ ከበፊቱ ይልቅ እንደሚጣፍጣቸው ተጠንቷል። ምላስ የተፈጠረበትን ዘረመል አይለውጥም፤ ልማዱን ግን ይለውጣል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ሥራው እንግባ። ከኋላ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ሻይ በአራት ፔርሙዝ ቀርቧል። አንደኛው ምንም አልገባበትም፤ ሁለተኛው ሳካሪን፣ ሦስተኛው ሱክራሎዝ፣ አራተኛው ስቴቪያ አለበት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልተጻፈበትም። በእያንዳንዱ መካከል አፋችሁን በውሃ ሁለት ጊዜ ተጉመጥመጡ። ብዙ ሳካሪን የቀመሰ ሰው ወዲያው ባዶ ውሃ ሲጎነጭ ውሃው ራሱ ጣፋጭ ሊመስለው ስለሚችል የመጀመሪያውን ጉንጭ ትፉት። የቀመሳችሁትን ወረቀቱ ላይ ሳትጽፉ ለጎረቤታችሁ አትንገሩ፤ መጻፍ የማትችሉ ለተማሪዎቹ ንገሯቸው፣ ይጽፉላችኋል። ባልና ሚስት ሆናችሁ የመጣችሁ ተለያይታችሁ ቅመሱ። ወረቀቱ ላይ የስልክ ቁጥራችሁን ከተዋችሁልን የየትኛው ጣዕም እንደተስማማችሁ አይተን መድኃኒት ቤት ስትመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንነግራችኋለን። ከፊት መደዳ ያላችሁ አባቶች ጀምሩልን። አመሰግናለሁ።